የሃሪየት ጄኮብስን መጽሐፍ የጻፈችው ራሷ ናት

ጥያቄ፦ «ልጄ እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በባርነት ስለኖረች አንዲት ሴት የሚተርክ መጽሐፍ እንድታነብ ታዛለች። ሽፋኑ ላይ ሃሪየት ጄኮብስ ይላል፤ ውስጡ ግን ባለታሪኳ ሊንዳ ብሬንት ትባላለች። አንድ ወዳጃችን ‹እሱ እኮ አንዲት ነጭ ሴት የጻፈችው ልብ ወለድ ነው› አለኝ። ገለጥ ገለጥ አድርጌ ሳየው ደግሞ ሴትዮዋ ሰባት ዓመት ያህል ጣሪያ ሥር ተደብቃ ኖረች ይላል። ይሄ እንዴት ይታመናል? ሳታገባም ከአንድ ነጭ ሰው ሁለት ልጆች ወልዳለች። ለ16 ዓመት ልጅ ይሆናል? ወይስ ሌላ መጽሐፍ እንዲቀየርላት ትምህርት ቤቱን ልጠይቅ?»

መልስ፦ አይጠይቁ። ልጅዎ ታንብበው፤ እርስዎም አብረዋት ያንብቡ። መጽሐፉ (Incidents in the Life of a Slave Girl) ግለ ታሪክ ነው። የጻፈችውም የኖረችው ሴት ናት። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጬ አንድ በአንድ ላስረዳ።

ወዳጅዎ ያሉትን ከራሳቸው አልፈጠሩትም። ለብዙ ዓመታት የታሪክ ምሁራን ራሳቸው እንዲህ ይሉ ነበር። መጽሐፉ በ1861 ቦስተን ላይ ሲታተም የፊት ገጹ ላይ የደራሲ ስም አልነበረም። «በራሷ የተጻፈ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ አርታኢዋ ኤል. ማሪያ ቻይልድ እንደሆነች ይገልጻል። ሊዲያ ማሪያ ቻይልድ ያኔ ስሟ የገነነ ነጭ ደራሲና የፀረ ባርነት ታጋይ ነበረች። ልብ ወለድም ትጽፍ ነበር። ተራኪዋ ራሷን ሊንዳ ብሬንት ትላለች። የአብዛኞቹ ሌሎች ሰዎችም ስም ተቀይሯል። ስለዚህ ጊዜው እየራቀ ሲሄድ ብዙ ሰው «ቻይልድ ናት የጻፈችው» ብሎ ደመደመ። በ1972 ስለ ባሪያዎች ሕይወት የታወቀ መጽሐፍ ያሳተመው የታሪክ ምሁር ጆን ብላሲንጌም ሳይቀር ታሪኩ አይታመንም ብሎ ወደ ጎን አድርጎት ነበር።

ነገሩን የገለበጠችው የሥነ ጽሑፍ ምሁሯ ጂን ፌገን የሊን ናት። የሊን ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተቀመጡ ደብዳቤዎችን አገላበጠች። ኤሚ ፖስት የምትባል የኩዌከር እምነት ተከታይና የፀረ ባርነት ታጋይ ከወዳጆቿ የደረሷት ደብዳቤዎች ናቸው። ከመካከላቸው ሃሪየት ጄኮብስ በገዛ እጇ የጻፈቻቸው ይገኙበታል። መጽሐፉን እየጻፈች መሆኗን፣ ድካሟን፣ ፍርሃቷን፣ ከቻይልድ ጋር የተነጋገረችውን ሁሉ ለጓደኛዋ ትነግራታለች። የሊን ውጤቱን በ1981 ጽፋ አወጣች። በ1987 ደግሞ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ መጽሐፉን ከሙሉ ማስታወሻዎቿ ጋር አሳተመው። በመጽሐፉ ውስጥ ዶክተር ፍሊንት የተባለው ሰው የኤደንተኑ ሐኪም ጄምስ ኖርኮም እንደሆነ፣ ሚስተር ሳንድስ የተባለው ሳሙኤል ትሬድዌል ሶየር እንደሆነ፣ አክስት ማርታ የተባለችው የጄኮብስ አያት ሞሊ ሆርኒብሎ እንደሆነች በሰነድ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ በደራሲዋ ማንነት ላይ የረባ ክርክር የለም።

ቻይልድ ምን ሠራች ታዲያ? የአርታኢ ሥራ። አንዳንዱን አሳጠረች፣ አንዳንዱን ከቦታ ቦታ አዛወረች። በየቦታው ተበታትነው የነበሩ የጭካኔ ታሪኮች አንድ ምዕራፍ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አደረገች። ጄኮብስ መጨረሻ ላይ ስለ ጆን ብራውን የጻፈችው ምዕራፍ ነበር፤ እሱ ቀርቶ መጽሐፉ በአያቷ ትዝታ እንዲያልቅ መከረች። ይህ የመጨረሻው ምክር ቀላል ለውጥ አይደለም። ባርነትን በመሣሪያ ለመጣል የተነሳ ሰው ታሪክ ወጥቶ የአያት ፍቅር ሲገባ የመጽሐፉ ድምፅ ለስለስ ይላል። እኔ ያ ምዕራፍ ባይወጣ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ያም ሆኖ አርታኢ አርታኢ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። ጄኮብስ መጀመሪያ ላይ ራሷ ልትጽፍ አላሰበችም። ኤሚ ፖስት ታሪኳን ለሕዝብ እንድትናገር ስትገፋፋት ሃሪየት ቢቸር ስቶው እንድትጽፍላት ፈለገች። ስቶው ያኔ በ«የአጎት ቶም ጎጆ» ዓለም ያወቃት ደራሲ ነበረች። ስቶው ግን ምን አደረገች? የጄኮብስ ምስጢር ያለበትን ደብዳቤ እውነት መሆኑን ለማጣራት ብላ ለአሠሪዋ ለኮርኔሊያ ዊሊስ ላከችው። ጄኮብስ ልጆቿን እንዴት እንደወለደች ለአሠሪዋ ተናግራ አታውቅም ነበር። ስቶው ታሪኩንም ሌላ መጽሐፏ ውስጥ እንደ ማስረጃ ልትከተው አሰበች። ጄኮብስ በጣም ተናደደች፤ ተዋረድኩ አለች። ከዚያ በኋላ ነው ብዕሩን ራሷ ያነሳችው። በ1853 «ያመለጠች ባሪያ» ብላ እየፈረመች ለአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ዞረች።

የምትሠራው ሞግዚትነት ነበር። አሠሪዋ ናታንኤል ዊሊስ ስመ ጥር ጸሐፊ ነው፤ የባርነትን ነገር ግን ደፍሮ የሚቃወም ሰው አልነበረም። ስለዚህ በእሱ ጣሪያ ሥር እየኖረች ከእሱ ተደብቃ ጻፈች። ቀን የሰው ልጆች ታሳድጋለች፣ ትሰፋለች፣ ታስታምማለች። ሌሊት ልጆቹ ሲተኙ ትጽፋለች። ይህ ዓመታት ፈጀ። ጽሑፉ ካለቀም በኋላ መንገዱ ቀና አልሆነላትም። አንዱ አሳታሚ ከሰረ። ሌላው የቻይልድ መቅድም ካለበት አሳትማለሁ ብሎ ተስማማ፤ እሱም ሳያትመው ከሰረ። በመጨረሻ ጄኮብስ የማተሚያ ሰሌዳዎቹን ራሷ ገዝታ በራሷ ወጪ አሳተመችው። ይህን ሁሉ ያለፈችን ሴት «አልጻፈችውም» ማለት ከባድ በደል ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንሂድ።

ጄኮብስ በ1813 ገደማ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ኤደንተን በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደች። የመጀመሪያ እመቤቷ ማንበብና መስፋት አስተምራታለች። ያቺው እመቤት በ1825 ስትሞት ግን ጄኮብስን የሦስት ዓመት ሕፃን ለሆነችው የእህቷ ልጅ በኑዛዜ አወረሰቻት። የሕፃኗ አባት ዶክተር ኖርኮም ነው። ጄኮብስ በዚህ መንገድ ቤቱ ገባች። 15 ዓመት ሲሆናት ነውረኛ ቃል በጆሮዋ ያንሾካሹክ ጀመር። የምትወደውን ነፃ ጥቁር አናጢ እንዳታገባ ከለከላት። ከከተማው ራቅ አድርጎ ቤት ሊሠራላትና ሊያስቀምጣት ዛተ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጄኮብስ የተደበቀችው ከአለንጋ ለመሸሽ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ ስሌት ነበረው። በሕጉ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል። እናት ባሪያ ከሆነች አባትየው ማንም ይሁን ማን ልጁ ባሪያ ነው። ኖርኮም ልጆቿን ወደ እርሻው አምጥቶ በሥራ ሊያስገራቸው እንደሆነ ሰማች። እኔ ከጠፋሁ ልጆቹ እጁ ላይ ሸክም ይሆኑበታል፣ ይሸጣቸዋል፣ አባታቸው ይገዛቸዋል ብላ አሰበች። በ1835 ጠፋች። እንዳሰበችውም ሆነ። ኖርኮም ልጆቹን ለባሪያ ነጋዴ ሸጠ፤ ነጋዴው ለአባታቸው ለሶየር ይገዛ ነበር። ሶየር ግን ቃሉን ጠብቆ ነፃ አላወጣቸውም። እሱ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነ። የገዛ ልጆቹ በባርነት ላይ እያሉ ማለት ነው።

የተደበቀችበት ቦታ የአያቷ ቤት ነው፤ ከቤቱ ጋር ተያይዞ የተሠራ ዕቃ ቤት ነበር፤ ከእሱ ጣሪያ ሥር ያለች ቆጥ። ርዝመቷ 9 ጫማ፣ ወርዷ 7 ጫማ፣ ከፍ የሚለው ጫፏ 3 ጫማ። በሜትር ሲታሰብ ቁመቷ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። መቆም አይቻልም። ብርሃን የለም። አይጥ ይርመሰመስባታል። በበጋ ጣውላው ይግላል። በክረምት እግሯ በውርጭ ተጎዳ። በሁለተኛው ክረምት ፊቷና ምላሷ ደርቆ መናገር አቃታት። አንድ ቀን ጨለማው ውስጥ እንጨት መብሻ መሣሪያ እጇ ገባ። ማታ ማታ ቀዳዳ እየበሳች አንድ ኢንች በአንድ ኢንች የሆነች መስኮት አበጀች። በእሷ በኩል ልጆቿ መንገድ ላይ ሲጫወቱ ታያለች፣ ድምፃቸውን ትሰማለች፤ መጥራት ግን አትችልም። ልጆቹ እናታችን እዚያ ናት ተብለው አልተነገሩም። በኋላ እንደተረዳችው ትልቁ ወንድ ልጇ አንዴ ሳል ሰምቶ ጠርጥሮ ነበር። ለማንም አልተናገረም። እንዲያውም ታናሽ እህቱ ከሌሎች ልጆች ጋር ወደዚያ ወገን ስትሄድ ካየ አባብሎ ወደ ሌላው ጎን ይወስዳት ነበር።

ይታመናል ወይ ላሉት መልሴ አዎ ነው። በሰኔ 1835 ኖርኮም እሷን ያገኘ ሰው 100 ዶላር ይሸለማል ብሎ በጋዜጣ ያወጣው ማስታወቂያ ዛሬም አለ። ዕድሜዋን፣ ቁመቷን፣ ፀጉሯን፣ አነጋገሯን ሳይቀር ይዘረዝራል። ወንድሟ ጆን ጄኮብስም የራሱን ታሪክ ጽፏል፤ በ1855 ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ውስጥ በጋዜጣ፣ በ1861 ደግሞ ለንደን ላይ አጠር ብሎ ወጥቷል። ያው ቤተሰብ፣ ያው ከተማ፣ ያው ሐኪም። የሲድኒው ጽሑፍ ተረስቶ ቆይቶ በ2024 እንደገና በመጽሐፍ መልክ ታትሟል።

እዚያ ቆጥ ውስጥ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ቁራጭ ላይ የመንገድ ስም እያየች ለኖርኮም ደብዳቤ ጻፈች። ታማኝ ሰው ወስዶ ኒው ዮርክ ላይ በፖስታ እንዲያስገባላት አደረገች። ኖርኮም ደብዳቤው ሲደርሰው ወደ አያቷ ቤት መጣ። ጄኮብስ ተደብቃ እየሰማች እሱ አነበበ። ያነበበው ግን የእሷን ደብዳቤ አልነበረም። ራሱ የጻፈውን የውሸት ደብዳቤ «የእሷ ነው» ብሎ ለአያቷ ያነብላቸዋል። በእኔ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ ድንቁ ክፍል ይህ ነው። ልጅዎ የሁለቱን ብልጠት ሳትጠግበው አንብባ ትጨርሰዋለች። ጄኮብስ በ1842 በመርከብ ወደ ፊላደልፊያ እስክታመልጥ ድረስ እዚያው ነበረች። በራሷ ቆጠራ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው።

ከአንድ ነጭ መውለዷን በተመለከተ፣ ጥያቄዎን አልንቀውም። ብዙ ወላጅ የሚያሳስበው ነገር ነው። ጄኮብስንም አሳስቧት ነበር፤ መጽሐፉን ለማውጣት ያን ያህል ያመነታችው በዚሁ ነው። ነገር ግን ምን ምርጫ እንደነበራት ያስቡ። ኖርኮም ሊደፍራት ያደባል። እሷን ከእሱ የሚያስጥል ሕግ የለም፤ በሕግ ዓይን ዕቃ ናት። የምትወደውን እንዳታገባ ተከልክላለች። ሶየር ያላገባ ነጭ ጠበቃ ነበር። ወደ እሱ የሄደችው ኖርኮም በቅናት ይሸጠኛል፣ ሶየር ይገዛኛል፣ የምወልዳቸውም ነፃ ይወጣሉ ብላ ነው። ኖርኮም አልሸጣትም። እሷ ይህን ስትተርክ ራሷን አታጸድቅም፤ እፍረቷን በግልጽ ትናገራለች። ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ታስገባለች፦ ባሪያ ሴት በሌሎች መለኪያ ልትመዘን አይገባም። ያኔ የሷ ዓይነት ሴት እንዲህ ብላ በመጽሐፍ መጻፏ እጅግ ድፍረት ነበር። ባርነት ለወንዶች አስፈሪ ነው፣ ለሴቶች ግን ከዚያም የከፋ ነው የሚለውም ቃል የሷ ነው።

ለ16 ዓመት ልጅ የሚያሳፍር ገለጻ የለበትም። ጄኮብስ የተጠቃችበትን ነገር የምትናገረው በተቆጠበ ቃል ነው። ልጅዎ በስልኳ በየቀኑ ከምታየው ጋር ሲወዳደር ጨዋ ነው። ከባዱ ሐሳቡ ነው። ለዚያ ደግሞ 16 ዓመት በቂ ዕድሜ ነው፤ ጄኮብስ ራሷ ይህ ሲደርስባት ከልጅዎ ታንስ ነበር።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግባቸው ነገሮች አሉ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉ ንግግሮች ከብዙ ዓመት በኋላ ከትዝታ የተጻፉ ናቸው፤ ቃል በቃል የተመዘገቡ አድርጋ እንዳትጠቅሳቸው። በአጎራባች እርሻዎች ስለተፈጸመው ጭካኔ የሚናገረው ምዕራፍ በአብዛኛው በአካባቢው ይታወቅና ይወራ የነበረውን የያዘ ነው፤ ከራሷ ሕይወት ለይታ ታንብበው። የመቃብሯ ድንጋይ የተወለደችበትን ዓመት 1815 ይላል፤ ከላይ ከሰጠሁት ጋር ሲጋጭ እንዳይገርማት። ደግሞ ባሪያዎችን በማስመለጥ የታወቀችውን ሃሪየት ታብማንን እና ሃሪየት ጄኮብስን የሚያምታታ ብዙ ነው። ሁለት የተለያዩ ሴቶች ናቸው።

ሌላው መታረም ያለበት «ደግ አሠሪዋ ገዝታ ነፃ አወጣቻት» ተብሎ የሚቋጨው አተራረክ ነው። በ1850 የወጣው ሕግ ያመለጠ ባሪያን ከሰሜንም ይዞ መመለስን ይበልጥ ስላጠናከረ የኖርኮም ወገን ኒው ዮርክ ድረስ መጥቶ ይፈልጋት ነበር። ኮርኔሊያ ዊሊስ በ1852 በ300 ዶላር ገዝታ ነፃ አወጣቻት። ጄኮብስ ግን እንዳትገዛት ቀድማ ነግራት ነበር። ለነፃነቴ ገንዘብ መክፈል ባሪያ አሳዳሪውን ትክክል ማድረግ ነው የሚል አቋም ነበራት። ሲሆን ደስ አላት፣ አሠሪዋንም አመሰገነች፤ ነፃ በተባለችው በኒው ዮርክ ከተማ ሰው ተሸጠ ብላም ተንገበገበች። አያቷም በአንድ ወቅት ሌሊት ሌሊት ብስኩት እየጋገረች ያጠራቀመችውን 300 ዶላር ለእመቤቷ አበድራ በዚያው ቀልጦባታል። የባሪያ ንብረት በሕግ የጌታው ስለሆነ መክሰስ አትችልም። መጽሐፉ ሲያልቅ ጄኮብስ «አንባቢ ሆይ፣ ታሪኬ የሚያበቃው በነፃነት ነው፤ እንደተለመደው በጋብቻ አይደለም» ትላለች። ከዚያም የራሷ ቤት እንደሌላት፣ ልጆቿን ይዛ የምትቀመጥበት ጎጆ እንደምትመኝ ትጨምራለች።

የእሷ ታሪክ ግን በመጽሐፉ አያበቃም፤ እርስዎ የሚኖሩበት ከተማ ደግሞ እዚህ ላይ ይገባል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ወደ ዋሽንግተንና ወደ አሌክሳንድሪያ ጎረፉ። ረሃብና ፈንጣጣ ይጨርሳቸው ነበር። ጄኮብስ በ1862 ዋሽንግተን ሄዳ ያየችውን ለፀረ ባርነት ጋዜጣ ጻፈች፤ በ1863 አሌክሳንድሪያ ገባች። ልብስና መድኃኒት ታሰባስባለች፣ ሕሙማንን ትጎበኛለች። ሰዎቹ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ሲሠሩ ነጭ ሚስዮናውያን እኛ እናስተዳድረው አሉ። ጄኮብስ ከነዋሪዎቹ ጎን ቆመች፤ ትምህርት ቤቱ በጥቁሮች እጅ ሆነ። በጥር 1864 በስሟ ተከፈተ፤ ልጇ ሉዊዛም አስተማረችበት። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱ ሳቫና፣ ጆርጂያ ሄደው ተመሳሳይ ሥራ ሠሩ። በ1868 ለንደን ሄዳ ሳቫና ውስጥ ለወላጅ አልባ ልጆችና ለአረጋውያን ቤት መሥሪያ ገንዘብ ለመነች፤ ነገር ግን በደቡብ ጥቁሮች ላይ የሚደርሰው ጥቃት ስለበረታ አሁን አትሥሩ ብላ ራሷ መከረች። በ1897 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈች። የተቀበረችው ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የየሊን ማስታወሻ ያለበትን የሃርቫርድ ኅትመት ፈልጉ፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይጠፋም። ያለ ማስታወሻ የታተሙት ማን ማን እንደሆነ አይነግሯችሁም። ልጅዎ በቤት ሥራዋ ደራሲዋን ሃሪየት ጄኮብስ፣ ሊንዳ ብሬንትን የብዕር ስም፣ ቻይልድን አርታኢ ብላ ትጻፍ። እርስዎ መጽሐፉን በሙሉ ለማንበብ ጊዜ ካጡ ምዕራፍ 5፣ 10፣ 21፣ 25 እና 41ን አይለፉ። በተለይ ምዕራፍ 10ን ልጅዎ ከማንበቧ በፊት ያንብቡትና ስትጨርስ ምን እንደተሰማት በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ በሚቀናት ቋንቋ ይጠይቋት። ከዚያ ጋር አያይዛ በራሷ ወይም በጓደኛዋ ላይ የደረሰ ነገር ካነሳች አያቋርጧት፤ መጽሐፉን ትታችሁ እሱን አውሩ።